አንድ ጣሪያ፣ ሁለት በር

ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት አክስቴ ቤት እሄዳለሁ። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው ቤቷ። ቡናው ሲፈላ እኔ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ሁለት የስምንተኛ ክፍል ልጆች ሂሳብ አስጠናለሁ። አንዱ የአክስቴ ልጅ ነው። ሌላዋ እዚያው ሕንፃ ውስጥ ሁለት ፎቅ ዝቅ ብላ የምትኖር የጎረቤት ልጅ ናት፤ እናቷ የሌሊት ፈረቃ ስለምትሠራ ቅዳሜ ጠዋት ትተኛለች፣ ልጅቷም ደብተሯን ይዛ ወደ እኛ ትወጣለች። ሁለቱም የሚያጠኑት ሞንትጎመሪ ብሌር በሚባለው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ ያለውን የሳይንስ፣ የሂሳብና የኮምፒውተር ሳይንስ ማግኔት ፕሮግራም ለመግባት ነው።

ባለፈው መኸር አንድ ቅዳሜ ልጅቷ እርሳሷን አስቀመጠችና እንዲህ አለችኝ፦ «አንድ ነገር ልጠይቅህ? እኔ ማግኔቱን ባላገኝም የምገባው ብሌር ነው። ሰፈሬ ነው እኮ። እሱም ቢያገኝ የሚገባው ብሌር ነው። አንድ ሕንፃ ነው። ታዲያ ምንድነው የምንሻማው?»

አክስቴ ከጓዳ ሆና «የኔ ልጅ፣ ዝም ብለሽ አጥኚ፤ የተገኘውን መውሰድ ነው» አለቻት። እኔ ደግሞ «የምትማሩት ኮርስ ይለያያል» ብዬ ወደ እኩዌዥኑ መለስኳት። መልሱ ትክክል ነበር። ግን የጠየቀችኝ እሱን እንዳልሆነ ያኔም ገብቶኛል። የጠየቀችኝ አንድ የሕዝብ ትምህርት ቤት፣ በሁሉም ግብር የቆመ፣ በአንድ ጣሪያ ስር ላሉ ልጆች ሁለት በር ሊከፍት የሚችለው በምን ምክንያት ነው የሚለውን ነው። ይህ ጽሑፍ ለእሷ ያልመለስኩት መልስ ነው። ረዘም ይላል፣ ምክንያቱም መጀመሪያ ትምህርት ቤቱን ማወቅ ያስፈልጋል፤ ቀጥሎም ስለ ራሴ አንድ የማያኮራ ነገር መናገር አለብኝ።

*

ትምህርት ቤቱ የተከፈተው በ1925 ነው (ካልገለጽኩ በቀር ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ያኔ ስሙ ታኮማ–ሲልቨር ስፕሪንግ ነበር። በ1935 ዌይን አቬኑ ላይ ወደ ነበረው ሕንፃ ሲዛወር የሞንትጎመሪ ብሌርን ስም ያዘ። በ1998 ደግሞ ፎር ኮርነርስ የሚባለው መስቀለኛ መንገድ አጠገብ፣ ቤልትዌይ የሚባለው ቀለበት መንገድ ጥግ ላይ ወደ ተሠራለት ትልቅ ሕንፃ ገባ። ዛሬ ከ3000 በላይ ተማሪዎች አሉት፤ በሜሪላንድ ካሉት ትላልቅ የሕዝብ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አንዱ ነው። ስለ ዋተርጌት የጻፈው ጋዜጠኛ ካርል በርንስታይን የተማረው ብሌር ነው፤ ተዋናይት ጎልዲ ሃውንም፣ የቴሌቪዥን ጋዜጠኛዋ ኮኒ ቸንግም።

ስሙን የሰጠው ሰውዬ ራሱ አንድ ትምህርት ነው። ሞንትጎመሪ ብሌር ጠበቃ ነበር። ድሬድ ስኮት የተባለው በባርነት የተያዘ ሰው ነፃነቱን ለማስከበር እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሲሄድ ጠበቃ ሆኖ የቆመለት እሱ ነው። በ1857 ፍርድ ቤቱ 7 ለ 2 በሆነ ድምፅ ጥቁር ሰው የአሜሪካ ዜጋ ሊሆን አይችልም ብሎ ፈረደ። ብሌር ቆይቶ በሊንከን መንግሥት የፖስታ ሚኒስትር ሆነ። ወታደሮች ለቤተሰባቸው ገንዘብ በደህና እንዲልኩ የፖስታ ሐዋላ የተጀመረው በ1864፣ በእሱ ዘመን ነው። በዚያው ዓመት የደቡብ ጦር እስከ ዋሽንግተን ዳርቻ ሲዘልቅ እዚሁ ሲልቨር ስፕሪንግ የነበረውን ቤቱን አቃጠለው።

እስከዚህ ያለውን ብቻ ብናነብ ጥሩ ሰው ነው። ግን ይኸው ሰው ነፃ የወጡት ጥቁሮች ከነጮች ጋር በእኩልነት ይኖራሉ ብሎ አያምንም ነበር፤ ወደ ሌላ አገር ወስዶ ማስፈር ይሻላል ከሚሉት አንዱ ነበር። ባርነትን መቃወምና ከተፈታው ሰው ጋር አንድ ክፍል ውስጥ መቀመጥ ለእሱ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ነበሩ። ስሙን የያዘው ትምህርት ቤትም እንዲሁ ነበር። የሲልቨር ስፕሪንግ ጥቁር ልጅ የሰፈሩን ትምህርት ቤት አልፎ ሮክቪል ድረስ ይሄዳል፤ በመጀመሪያ ሊንከን፣ ከ1951 ጀምሮ ደግሞ ካርቨር ወደሚባለው የጥቁሮች ሁለተኛ ደረጃ። ይህ የተለወጠው ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1954 በብራውን መዝገብ ላይ «ለየብቻ ሆኖ እኩል የሚባል ነገር የለም» የሚል መንፈስ ያለው ውሳኔ ከሰጠ በኋላ ነው። የካርቨር ሕንፃ በኋላ የካውንቲው ትምህርት ቢሮ ዋና መሥሪያ ቤት ሆነ። የአንዱ ዘመን መለያያ አጥር የሚቀጥለው ዘመን ቢሮ ይሆናል፤ እንደዚህ ነው ነገሩ።

ቀጥሎ የመጣው ነገር ሌላ ነው። ከ1960ዎቹ በኋላ ነጭ ቤተሰቦች ከዋሽንግተን ድንበር አጠገብ ካሉት ሰፈሮች እየራቁ ሄዱ፤ በምትካቸው ጥቁር ቤተሰቦች፣ የመካከለኛው አሜሪካ ስደተኞች፣ እስያውያን መጡ። እኛም መጣን። ከ1974ቱ አብዮት በኋላ ከአገር የወጡት፣ በተለይም በ1980 የስደተኞች ሕግ ከወጣ በኋላ በሱዳን በኩል የመጡት፣ ዋሽንግተንና አካባቢዋ ላይ ሰፈሩ። ዛሬ የካውንቲው ትምህርት ቢሮ ለወላጆች የሚልካቸውን ወረቀቶች ከሚያስተረጉምባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው።

የብሌር ክፍሎች በዚህ ሁኔታ ሲለወጡ ካውንቲው አንድ ነገር ፈራ፤ እንደገና መለያየትን፣ በዚህኛው ጊዜ በሕግ ሳይሆን በሰፈር። ልጆችን በአውቶቡስ አስገድዶ ከማዘዋወር ይልቅ መሳብ ይሻላል ተባለ። በ1985 ማግኔት ፕሮግራሙ ብሌር ውስጥ ተከፈተ። ቆይቶም በጽሑፍ፣ በታሪክና በሚዲያ ላይ ያተኮረ የኮሙኒኬሽን አርትስ ፕሮግራም ተጨመረ። ስሙ እንደሚለው ማግኔት ነው፤ ከሩቅ ሰፈር ያሉ፣ በአብዛኛው ነጭና እስያዊ የሆኑ ጎበዝ ልጆች በራሳቸው ፈቃድ ወደዚህ ትምህርት ቤት እንዲመጡ። በየዓመቱ ወደ 100 ልጆች። ከባድ ሂሳብ፣ ከባድ ፊዚክስ፣ ፕሮግራሚንግ፣ በመጨረሻም እውነተኛ የምርምር ሥራ። ተሳካም። ከዚህ ፕሮግራም የወጣው ጄከብ ሉሪ በ1994 ዓለም አቀፍ የሂሳብ ኦሊምፒያድ ላይ ሙሉ ነጥብ አምጥቷል፤ ዛሬ በዓለም ከታወቁት የሂሳብ ሊቃውንት አንዱ ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብለን የሆነውን እንመልከት። የተለያዩ ልጆችን አንድ ጣሪያ ስር ለማምጣት አንድ ዘዴ ተፈጠረ። ዘዴው ልጆቹን አንድ ጣሪያ ስር አመጣቸው። ከመጡ በኋላ ግን ወደ ተለያየ ክፍል ላካቸው። በትምህርት ቤቱ የቁጥር ሰንጠረዥ ላይ ሁሉም አብረው ናቸው። ፊዚክስ ክፍል ውስጥ ግን አይደሉም። ያቺ ልጅ የጠየቀችው ይህንን ነው፤ ያውም ይህን ሁሉ ታሪክ ሳታነብ።

*

አሁን የራሴን ልናገር።

ዘጠነኛ ክፍል የተማርኩት አገር ቤት፣ አንድ የክፍለ ሀገር ከተማ ውስጥ ባለ የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። አስረኛ ስንገባ ትምህርት ቤቱ በደረጃ የተሻሉትን ልጆች ለይቶ «ልዩ ክፍል» አቋቋመ። እኛ 45 ነበርን። ሌሎቹ ክፍሎች ከ70 በላይ ይቀመጡ ነበር። ጎበዞቹ መምህራን ለእኛ ተመደቡ። የላብራቶሪው ቁልፍም እኛ ጋ ነበር። እኔ ዝርዝሩ ላይ የገባሁት ከመጨረሻዎቹ ሆኜ ነው።

የወንበር ጓደኛዬ አልገባም። በአማካይ ከእኔ ያነሰው ነጥብ ከአንድ አይሞላም። ፊዚክስ ላይ እንዲያውም ይበልጠኝ ነበር፤ አማርኛ ነው ወደ ኋላ ያስቀረው፣ የቤቱ ቋንቋ አማርኛ ስላልነበረ። የፊዚክስ መጽሐፍ የሚታደለው ለሁለት ተማሪ አንድ ነበር፤ እኛም በተራ፣ አንድ ሳምንት እሱ፣ አንድ ሳምንት እኔ፣ እየወሰድን ነበር የምናጠናው። አዲሱ ክፍል ሲጀመር መጽሐፉ እኔ ጋ ነበር። እዚያው ቀረ። ማንም «ያንተ ነው» አላለኝም። እሱም አልጠየቀኝም። እኔም አልመለስኩም። ለራሴ የሰጠሁት ምክንያት «እኔ ልዩ ክፍል ነኝ፣ የበለጠ የሚያስፈልገኝ እኔ ነኝ» የሚል ነበር። የሁለት ወር ያህል ጊዜ ግቢ ውስጥ ስንገናኝ ሰላምታ እንለዋወጥ ነበር፤ ከዚያ ያም ቀረ።

እኔ ኤሌክትሪካል ምህንድስና ተማርኩ፣ ከዚያ ወደ ሶፍትዌር ዞርኩ፣ ከዚያ እዚህ መጣሁ። እሱ በግሉ ኤሌክትሪሻን ሆነ። ከጥቂት ዓመት በፊት የእናቴ ቤት መብራት እየተቆራረጠ ሲያስቸግራት መጥቶ መስመሩን በሙሉ የቀየረላት እሱ ነው። ገንዘብ አልቀበልም አላት። እናቴ ይህን በስልክ የነገረችኝ እያመሰገነችው ነው። እኔ ትዝ ያለኝ መጽሐፉ ነው።

ይህን የማወራው ራሴን ለመውቀስ ብቻ አይደለም። ስለ «ልዩ» ትምህርት የሚካሄደው ክርክር ብዙ ጊዜ በር ላይ ስለሚያልቅ ነው፤ ማን ገባ፣ ማን አልገባ፣ ፈተናው ፍትሐዊ ነበር ወይ። እነዚህ ጥያቄዎች ተገቢ ናቸው። ግን እኔ ያጠፋሁት በሩ ላይ አይደለም። ዝርዝሩን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም። ያጠፋሁት ከገባሁ በኋላ፣ መጽሐፉን ይዤ ስቀር ነው።

*

በመጀመሪያ ግን የበሩን ነገር እንጨርስ።

ሥራዬ ኮድ መጻፍ ነው። ከብዙ አመልካች ጥቂቱን መምረጥ በኮድ ሲጻፍ አንድ መስመር ነው፦ በውጤት ደርድር፣ የመጀመሪያዎቹን 100 ውሰድ። ፕሮግራሙ በ100ኛውና በ101ኛው መካከል ያለው ልዩነት ትርጉም ይኑረው አይኑረው አይጠይቅም። 101ኛው ላይ ኤረር አይመጣም። ማንኛውም መለኪያ ደግሞ የራሱ ስህተት አለው፤ ያው ልጅ ያንኑ ፈተና በሌላ ቀን ቢፈተን ሌላ ነጥብ ያመጣል። ስለዚህ ቢያንስ መስመሩ አካባቢ ላሉት ልጆች የሚለያያቸው ችሎታ አይደለም፤ ዕለቱ ነው፣ እንቅልፍ ነው፣ አንዳንዴም ቅዳሜ ጠዋት የሚያስጠና ዘመድ መኖር ነው። እኔ ራሴ የዚያ መዛባት አካል ነኝ። አክስቴ ሕንፃ ውስጥ ሌሎች የስምንተኛ ክፍል ልጆችም አሉ፤ እኔ የማስጠናው ሁለቱን ነው።

እንዲያውም ከፈተናው በፊት ሌላ ፈተና አለ፤ ፕሮግራሙ መኖሩን የማወቅ ፈተና። ማመልከቻው የሚሞላው መቼ ነው? ለየትኛው ሰፈር ነው? ከስንተኛ ክፍል ጀምሮ የትኛውን ሂሳብ መውሰድ ይገባ ነበር? ወረቀቱ በአማርኛ መተርጎሙ አንድ ነገር ነው። ሌሊት ሠርታ የመጣች እናት ወረቀቱን ከሌላው ፖስታ መካከል ለይታ፣ ይህ የልጄን አራት ዓመት ይወስናል ብላ ማንበቧ ሌላ ነገር ነው።

ፍርድ ቤቶች ይህን ጥያቄ በዘር በኩል ለመመለስ ሞክረዋል። በ1999 አንድ የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ይኸው ካውንቲ ተማሪዎች ወደ ማግኔት ትምህርት ቤት ሲዛወሩ ዘራቸውን ከግምት እንዳያስገባ ከልክሏል። በ2007 ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሌሎች ከተሞች ጉዳይ ተመሳሳይ መንገድ ሄደ። ማግኔቱ የተወለደበት ዓላማ፣ ዘርን ማቀላቀል፣ በግልጽ ሊሠራበት የማይቻል ሆነ። የቀረው መሣሪያው ነው። ዓላማው የወጣለት መሣሪያ ደግሞ ቤት ውስጥ ቀርቶ አዲስ ዓላማ ይፈልጋል፤ እዚህ ያገኘው ዓላማ ምርጦችን ማሠልጠን ነው።

*

ታዲያ ይዘጋ?

አይመስለኝም። የእኩልነት ወዳጅ ነኝ የሚል ሰው ሊመልሰው የሚገባ ጥያቄ አለ፦ የጎበዞቹን ክፍል ብንዘጋ የትኛው ልጅ ነው የበለጠ የሚማረው? የጎረቤትን መብራት ማጥፋት የእኔን ቤት አያበራም። በእኩል ጨለማ መቀመጥ እኩልነት ቢሆንም ማንም የሚመኘው እኩልነት አይደለም።

ደግሞም የመሰብሰብ ጥቅም እውነተኛ ነው። ከፍ ያለ የሂሳብ ኮርስ ለመክፈት በቂ ተማሪ ያስፈልጋል፤ በአንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ሦስት ልጅ ብቻ ቢፈልገው አይከፈትም። ጥሩ መምህር የሚስበው ጥሩ ጥያቄ ነው። በክፍሉ ብቸኛ የሆነ፣ «ሊቄ» እየተባለ የሚቀለድበት ልጅ እንደ እሱ ያሉ 20 ልጆች መካከል ሲገባ መጀመሪያ ይደነግጣል፣ ከዚያ ይፈታል። እኔ ልዩ ክፍሉ ውስጥ ያገኘሁት ይህንን ነው፤ ዋሽቼ አልክደውም።

ፈላስፋው ጆን ሮልስ በ1971 ባሳተመው መጽሐፉ ለእንደዚህ ዓይነቱ ጉዳይ አንድ መስፈሪያ ትቶልናል። በአጭሩ፦ የማኅበራዊና የኢኮኖሚ ልዩነት የሚፈቀደው በጣም ዝቅ ብለው ያሉትን ሰዎች የሚጠቅም ሲሆን ነው። ሐኪም ከሌላው በላይ ቢከፈለው፣ በዚያ ምክንያት ድሃው ሐኪም የሚያገኝ ከሆነ ይሁን። መስፈሪያውን ወደ እኛ ስናመጣው ጥያቄው ይለወጣል። «ማግኔቱ ውስጥ ያለው ልጅ ተጠቀመ ወይ?» አይደለም። እሱማ ተጠቅሟል። ጥያቄው «ማግኔቱ በመኖሩ፣ ማግኔቱ ውስጥ የሌለው ልጅ ምን አገኘ?» ነው።

እዚህ ላይ ቁጥር እንዳያታልለን መጠንቀቅ አለብን። 2600 ተማሪ ያለው ትምህርት ቤት አማካይ ውጤቱ 70 ነው እንበል። አማካያቸው 95 የሆነ 400 ልጆች እዚያው ሕንፃ ውስጥ ብናስገባ የትምህርት ቤቱ አማካይ ወደ 73 ከፍ ይላል። ርዕሰ መምህሩ ይመሰገናል፣ የሰፈሩ ቤት ዋጋ ይጨምራል፣ ጋዜጣ ይጽፋል። ከ2600ው ልጆች ግን አንዱም አንድ ተጨማሪ ነገር አልተማረም። አማካይ ውጤት አብሮ መኖርን ያሳያል እንጂ መካፈልን አያሳይም።

ጥቅሙ ሊያልፍ የሚችለው በሌላ መንገድ ነው፤ በበሮች። ከባዱን ኮርስ ያላለፈ ሳይሆን የሚችል ሁሉ ሊወስደው ይችላል ወይ? የማግኔቱ መምህር ቀኑን ሙሉ ማግኔት ብቻ ነው የሚያስተምረው ወይስ ሌላ ክፍልም ይገባል? የተማሪዎቹ ጋዜጣ፣ የሮቦቲክስ ክበቡ፣ የሂሳብ ቡድኑ ማንን ነው የሚጋብዘው? ዘጠነኛ ክፍል ያልገባ ልጅ አስረኛ ላይ ሁለተኛ ዕድል አለው? በ13 ዓመት የተሰጠ ውሳኔ እስከ 18 የሚጸና ከሆነ ትምህርት ቤቱ ልጁን እያስተማረው አይደለም፤ እየመደበው ነው። በአንድ ሕንፃ ውስጥ ሁለት በር መኖሩ ብቻውን በደል አይደለም። በደል የሚሆነው ሁለቱን ክፍሎች የሚያገናኝ የውስጥ በር ከሌለ ነው። የእኛ ልዩ ክፍል የውስጥ በር አልነበረውም። ቁልፉም፣ መጽሐፉም ወደ አንድ ወገን ብቻ ነበር የሚሄደው።

በ2025 የካውንቲው ትምህርት ቢሮ አዲስ ዕቅድ አቀረበ፤ ካውንቲውን በስድስት ቀጠና ከፍሎ እንደዚህ ያሉ ልዩ ፕሮግራሞችን በየቀጠናው መክፈት። የሚደግፉት ወላጆች ልጃችን በአውቶቡስ ከተማ እያቋረጠ መሄድ የለበትም፣ ወንበሩም ይበዛል ይላሉ። የሚቃወሙት አንዱን ስድስት ቦታ መቆራረስ ያንኑ አንዱን ማጥፋት ነው ይላሉ። ሁለቱም እውነት አላቸው። እኔ ግን ከሁለቱም ወገን አንድ ዓረፍተ ነገር ሲጎድል አያለሁ፤ ስለ መምህሩ። ኮርስ ኮፒ ሊደረግ ይችላል፣ መምህር ግን ፋይል አይደለም። ዕቅዱ መምህር የሚያፈራ ከሆነ ማካፈል ነው። መምህር ሳያፈራ ስም ብቻ የሚያባዛ ከሆነ ስድስት ታፔላ ነው።

አገር ቤትም ይኸው ጥያቄ ገዝፎ ቆሟል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2። በሁለቱም ዓመት ከሺህ በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። ጥቂት ልዩ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ግን ተማሪዎቻቸውን በሙሉ አሳለፉ፤ ብዙዎቻችንም «መፍትሔው እንደዚህ ያለ ማብዛት ነው» አልን። ይጠቅማል። ግን ከየወረዳው ጎበዙ ልጅ ተለቅሞ ሲሄድ፣ እዚያ የቀረው ክፍል ውስጥ ጥያቄ የሚጠይቀው ማን ነው? የተለቀመው ልጅ ሲመለስ ይዞ የሚመጣው ነገር ካልታሰበበት፣ ያደረግነው የፊዚክስ መጽሐፉን ወደ አንድ ወገን መውሰድ ነው።

*

ውጤቱ በየካቲት መጣ። የአክስቴ ልጅ ገባ። እሷ አልገባችም፤ ተጠባባቂ ናት ተባለ።

አክስቴ ድፎ ዳቦ ደፋች፣ ሁላችንም ደስ አለን፤ ልጅቷም መጥታ «ኮንግራትስ» አለችው፣ ዳቦ በላች፣ ቶሎ ወጣች። ከሄደች በኋላ አክስቴ ወደ እኔ ዞረችና «እንግዲህ ከአሁን በኋላ ቅዳሜን ለእሱ ብቻ አድርግለት። የሚጠብቀው ከባድ ነው፤ አሁን የበለጠ የሚያስፈልገው እሱ ነው» አለችኝ።

ቃል በቃል። እኔ በ16 ዓመቴ ለራሴ ያልኩትን። አክስቴ ክፉ ሰው አይደለችም፤ ያቺን ልጅ ስንት ቅዳሜ አብልታታለች። አመክንዮው እንዲህ ነው የሚሠራው፤ የተመረጠው ስለተመረጠ የበለጠ ይገባዋል፣ የበለጠ ስለተሰጠው ደግሞ በሚቀጥለው ጊዜ መመረጡ አይቀርም። ከዚያ ወደ ኋላ ዞረን «አየህ፣ መርጠነው ልክ ነበርን» እንላለን። በሶፍትዌር ይህን ሉፕ እንለዋለን። ራሱን በራሱ እያጸደቀ የሚዞር ሉፕ።

«እትዬ፣ ሁለቱንም ነው የማስጠናው፤ አለዚያ አላስጠናም» አልኳት። ትንሽ ተቀየመችኝ። «አንተ ደግሞ የሰው ነገር ታበዛለህ» አለች። ከዚያ «እሺ፣ እንዳልክ» አለች።

ያን ያህል ትልቅ ነገር እንዳልሠራሁ አውቃለሁ። ሁለት ልጅ ነው። ሕንፃው ውስጥ ያሉት ሌሎቹ አሁንም አሉ። ለአገር ቤቱ ጓደኛዬም ደውዬ ስለ መብራቱ አመሰገንኩት፤ ስለ መጽሐፉ ግን አላነሳሁም፣ ድፍረቱ አልመጣልኝም። ግን ለልጅቷ ጥያቄ አሁን የምሰጠው መልስ አለኝ። የምትሻሙት ስለ ኮርሱ ነው፤ ኮርሱም ሊሻሙበት የሚገባ ጥሩ ነገር ነው። ዝርዝሩ ግን ስለ አንቺ የሚናገረው በጣም ትንሽ ነው፤ በአንድ ዓመት፣ በጥቂት ወረቀት፣ ከመስመሩ በየትኛው ወገን እንደዋልሽ ብቻ። ትምህርት ቤቱ ፍትሐዊ መሆኑ የሚታወቀው ማን እንዳስገባ በማየት ብቻ ሳይሆን፣ መስከረም ላይ አንቺና እሱ አንድ ሕንፃ ስትገቡ በመካከላችሁ ምን እንደሚተላለፍ በማየት ነው። ከዚህ ውስጥ የትምህርት ቤቱ ድርሻ አለ፣ የካውንቲው አለ። የእሱም አለበት። የእኔም።

የሚቀጥለው ቅዳሜ አልመጣችም። ከዚያም በኋላ የነበረው ቅዳሜ እንዲሁ። የአክስቴን ልጅ ወርደህ ጥራት አልኩት፤ አፍሮ ነበር፣ ግን ሄደ። ባለፈው ቅዳሜ መጥታለች፤ አርፍዳ፣ ፀጉሯን ሳታበጥር፣ ብዙ ሳታወራ። አንድ የሂሳብ መጽሐፍ ነው ያለን። ጠረጴዛው መሀል ላይ አስቀመጥኩት።